አሲድና ከባድ ብረት ያለበትን አደገኛ ፍሳሽ ለማከማቻና ለማስወገድ የማዘጋጀት አሠራር

ያገለገለ ቲነር በተገቢው ምድጃ ሲቃጠል ወደ ውሃ ትነትና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ያልቃል። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና ባዝቃ ግን ንጥረ ነገሮች በመሆናቸው እሳትም አሲድም ጊዜም አያጠፋቸውም፤ ቢቃጠሉ በአመድና በጢስ፣ ቢቀበሩ በአፈር፣ ቢደፉ በውሃ ውስጥ ያው ራሳቸው ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ከባድ ብረት ያለበትን ፍሳሽ ማከም ማለት ብረቱን ማጥፋት ሳይሆን፣ ውሃ በቀላሉ የማያሟሟውን መልክ እንዲይዝ አድርጎ ማሰር ማለት ነው። በውሃ ማቅጠንም ሕክምና አይደለም። አንድ ሊትር የተበከለ ፍሳሽ መቶ ሊትር ውሃ ቢጨመርበት በመለኪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር ዝቅ ይላል እንጂ ወደ ወንዝ የሚገባው ብረት በአንዲት ሚሊግራም እንኳ አይቀንስም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በብረት ቅብ፣ በባትሪ፣ በቆዳ ወይም በቤተ ሙከራ ሥራ ላይ ሆነው አሲድና ብረት የተቀላቀለበት ፍሳሽ ለሚያጋጥማቸው ሠራተኞችና ኃላፊዎች ነው። አደገኛ ቆሻሻን ማከም በአብዛኞቹ አገሮች ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ ከመጀመርዎ በፊት የሚመለከተውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያነጋግሩ፤ ወደ ፍሳሽ መስመር እንዲለቀቅ የተፈቀደውን መጠንም በጽሑፍ ይያዙ።

ከሁሉ በፊት ምን እንደያዙ ይወቁ

በሥራው ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከሕክምናው ሳይሆን ይዘቱ ካልታወቀ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቤተ ሙከራ ውስጥ መለያ ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ተገኘና ግማሽ ስለነበር ሌላ ያገለገለ ፈሳሽ ተጨመረበት። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ናይትሪክ አሲድ፣ የተጨመረው ደግሞ አልኮል ያለበት ማጠቢያ ነበር። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ተዘጋ፤ ሌሊት በውስጡ የተጠራቀመው ጋዝ ጠርሙሱን ሰባብሮ ስብርባሪው በእንጨት መደርደሪያው ላይ ተሰክቶ አደረ። በዚያ ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። ቀን ቢሆን ኖሮ የአንድ ሰው ዓይን ይጠፋ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ፍሳሹ ከየትኛው ሥራ እንደወጣ የሠራውን ሰው ይጠይቁ፤ በሥራው ላይ የዋሉትን ኬሚካሎች የግዢ ሰነድና የደኅንነት መረጃ ወረቀት ያገናዝቡ። ከዚያ ከደንቡ ጋር የሚስማማ ጓንትና መነጽር አድርገው በደንብ ከተማሰለው ፍሳሽ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ናሙና ይቅዱና በፒኤች ወረቀት ይለኩ፤ ፒኤች የፈሳሹን አሲድነት የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ቤዝ ነው። ፒኤቹ 2 ወይም ከዚያ በታች፣ አለዚያም 12.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በብዙ ደንቦች ቆርጣሚ ቆሻሻ ተብሎ ይመደባል። በላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ወይም የቲነር ሽታ ካለ ወደ ሕክምናው አይግቡ፤ እንዲህ ያለው ፈሳሽ ተለይቶ ወደ ፈቃድ ያለው ማቃጠያ ወይም መልሶ ማጣሪያ የሚሄድ ነው። ሽታ ለማወቅ ብለው አፍንጫዎን ወደ ዕቃው አፍ አያስጠጉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ሲያናይድና ሰልፋይድ መኖር አለመኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። ሲያናይድ ያለበት ፍሳሽ ፒኤቹ ከ11 በላይ ሆኖ ካልተጠበቀ፣ በተለይ አሲድ ሲነካው፣ ሃይድሮጅን ሲያናይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ሽታውን ማሽተት የማይችሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ «አልሸተተኝም» ማለት መከላከያ አይሆንም። ሰልፋይድም ከአሲድ ጋር ሲገናኝ በበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚታወቀውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ መጠኑ ከፍ ሲል የማሽተት ችሎታን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከተገኘ ፍሳሹን ከአሲዱ አርቀው፣ በሌላ ክፍልና በሌላ መቀበያ ገንዳ ላይ አስቀምጠው ለሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ ያቆዩት። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድንም ከዚህ አሠራር ውጪ ያድርጉት፤ ብርጭቆን የሚበላ፣ በቆዳ ውስጥ ሰርጎ አጥንት ድረስ የሚደርስ በመሆኑ የራሱ የሕክምና መድኃኒትና የራሱ ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ቦታውንና ዕቃውን ማዘጋጀት

ወለሉ የማያስርግ፣ ዙሪያው በግድብ የተከበበና አየር በሜካኒካል ማራገቢያ የሚወጣበት ሊሆን ይገባል። ለአሲድ የሚስማማው የፖሊኢትሊን ታንክ ነው፤ የብረት በርሜል አሲዱ ይበላዋል፣ ሲበላውም ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። የዓይን ማጠቢያ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ይኑር፤ ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ መታጠብ ስለሚገባ አንዲት ጠርሙስ ውሃ አትበቃም። ሠራተኛው የኬሚካል ጓንት፣ ጎን የሚከልል መነጽር፣ በላዩ የፊት ከለላ፣ የጎማ ሽርጥና ቦት ያድርግ። ብቻውንም አይሥራ።

ክሮሚየም ካለ እርሱ ይቅደም

ክሮም ቅብ ከሚሠራበት ቦታ የሚመጣ ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ክሮሚየም ስድስት የተባለውን መልክ ይይዛል። በአሲድ ውስጥ ብርቱካንማ፣ በቤዝ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ካንሰር አምጪ መሆኑም የተረጋገጠ ነው። ይህ መልክ በኖራ አይዘቅጥም፣ በሲሚንቶም በአግባቡ አይታሰርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፍሳሹን በቀጥታ በኖራ አክሞ፣ የዘቀጠውን ዝቃጭ አውጥቶ፣ ቢጫውን ውሃ ንጹሕ ነው ብሎ ይለቀዋል። መርዙ ያለው ግን በዚያ ቢጫ ውሃ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ ክሮሚየም ስድስትን ወደ ክሮሚየም ሦስት መለወጥ ያስፈልጋል። የፍሳሹን ፒኤች በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል ያድርሱና፣ በውሃ የተበጠበጠ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። በስሌት ለ1 ኪሎ ግራም ክሮሚየም ስድስት 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ሜታባይሰልፋይት ይበቃል፤ በተግባር ግን ከፊሉ ከአየር ኦክስጅን ጋር ስለሚባክን ከ3 ኪሎ ግራም ከፍ ብሎ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ጉሮሮ የሚከረክር ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ማራገቢያው አይጥፋ፤ ሜታባይሰልፋይቱንም በዱቄትነቱ በአንድ ጊዜ አይድፉት።

ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው። ብርቱካንማው ፈሳሽ መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ የወይራ ቅጠል ይመስላል፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ ከተለወጠ በኋላም ለ30 ደቂቃ ያህል ማማሰሉን ይቀጥሉ። ነገር ግን በቀለም ብቻ አይፍረዱ፤ በታንኩ ጥግ ያልተማሰለ ፈሳሽ ሊቀር ይችላል፣ ጥቂት ቢጫም በአረንጓዴ ውስጥ ይደበቃል። ዳይፌኒልካርባዛይድ የተባለው መለያ ኬሚካል ክሮሚየም ስድስት ባለበት ናሙና ላይ ሲጨመር ወደ ሐምራዊ ይቀየራል። ናሙናው ሐምራዊ መሆኑን እስኪተው ድረስ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

አሲዱን መግደልና ብረቱን ማዝቀጥ

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት በዋናነት የተሟሸ ኖራና ኮስቲክ ሶዳ ናቸው። ኮስቲክ ሶዳ በፍጥነት ይሠራል፣ የዝቃጩ መጠንም ያንሳል፤ ሆኖም ዝቃጩ ልሞ ለመውረድና ለመጣራት ያስቸግራል። ኖራ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጂፕሰም ስለሚፈጥር ዝቃጩ ይበዛል፣ ግን ቶሎ ይወርዳል፣ ቶሎም ይጨመቃል። መጠነኛ የሥራ ቦታ ላለው ሰው እኔ የምመክረው ኖራን ነው፤ በስህተት ሲበዛ ፒኤቹን እንደ ኮስቲክ ሶዳ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ አይወረውረውም፣ የሠራተኛውን ቆዳም በዚያ ፍጥነት አይልጥም።

መጠኑን አስቀድመው ያስሉ። 1 ኪሎ ግራም ንጹሕ ሰልፈሪክ አሲድ 0.76 ኪሎ ግራም ያህል የተሟሸ ኖራ ይፈልጋል፤ 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ከ1 ኪሎ ግራም ጥቂት ከፍ ያለ። የኖራው ንጽሕና ሁልጊዜ ሙሉ ስላልሆነ ከስሌቱ ጥቂት ከፍ ያለ ክምችት ይያዙ። አሲዱ ወፍራም ከሆነ በመጀመሪያ በውሃ ይቅጠን፤ ይህ ሙቀቱን ለመቆጣጠር የሚደረግ እንጂ ፍሳሹን አሳስቶ ለመልቀቅ አይደለም። ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይፈስሳል እንጂ ውሃ በወፍራም አሲድ ላይ አይደፋም፤ ውሃው በአሲዱ ላይ ሲያርፍ በቅጽበት ፈልቶ አሲዱን ወደ ፊት ይረጫል። ኖራውን በውሃ በጥብጠው ወተት ካስመሰሉት በኋላ በቀጭኑ እያፈሰሱ ያማስሉ። ታንኩ በእጅ ሲነካ ከሞቀ ቆም ብለው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ስለ ፒኤች አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። መለኪያው በአሥር እጥፍ የሚራመድ ስለሆነ ከ2 ወደ 3 ለመድረስ የሚፈጀው ኖራ ከ5 ወደ 6 ለመድረስ ከሚፈጀው እጅግ ይበልጣል። ለዚህ ነው ሠራተኛው ባልዲ ሙሉ ጨምሮ መለኪያው አልነቃነቅ ሲለው ቆይቶ፣ ትዕግሥቱ ሲያልቅ አንዲት ጣሳ ቢጨምር ፒኤቹ በድንገት 11 የሚገባው። ከ4 በላይ ሲደርሱ የሚጨምሩትን ይቀንሱ፤ በእያንዳንዱ ጭማሪ መካከልም አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ኖራ ለመሟሟት ጊዜ ይወስዳልና።

ብረቶቹ የሚዘቅጡበት ፒኤች እንደየዓይነታቸው ይለያያል። ክሮሚየም ሦስት ከ7.5 እስከ 8.5 አካባቢ፣ መዳብ ወደ 9፣ ዚንክና እርሳስ ከ9 እስከ 9.5 አካባቢ፣ ኒኬል ከ10 በላይ፣ ካድሚየም ደግሞ ወደ 11 ሲጠጋ በደንብ ይወርዳሉ። «እንግዲያስ ፒኤቹን 11 አድርጌ ሁሉንም ልገላገል» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ነገር ግን ክሮሚየም፣ ዚንክና እርሳስ ፒኤቹ ከመጠን ሲያልፍ የዘቀጡትን ትተው ተመልሰው ይሟሟሉ። ብረቶቹ የተቀላቀሉ ከሆነ በአንድ ሕግ ከመመራት ይልቅ በትንሹ መሞከር ይሻላል። ስድስት ብርጭቆዎችን አሰልፈው በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ፍሳሽ ያድርጉ፤ የመጀመሪያውን ፒኤች 8፣ የመጨረሻውን 10.5 አድርገው በግማሽ ነጥብ ልዩነት ያራምዷቸው። አማስለው ለአንድ ሰዓት ካስቀመጡ በኋላ ከላይ የጠራውን ውሃ ቀድተው ለብረት ያስመርምሩ። ብርጭቆዎቹን ከብርሃን አንጻር ሲመለከቷቸው ልዩነቱ ይታያል፦ በአንዱ ዝቃጩ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ወደ ታች ሲወርድ፣ በሌላው ደቃቅ ጉም ሆኖ ሲንሳፈፍ ይውላል። ሆኖም የጠራ ውሃ ሁሉ ከብረት የጸዳ አይደለምና ውሳኔው በምርመራው ይሁን። አንዱ ፒኤች ሁሉን ካላወረደ በሁለት ደረጃ ማዝቀጥ ነው፤ የመጀመሪያውን ዝቃጭ ለይተው ካወጡ በኋላ የቀረውን ውሃ ወደ ከፍተኛው ፒኤች ያሳድጉታል።

ፒኤቹ 10 ደርሶ እንኳ ውሃው ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ፣ መዳቡን አሞኒያ ይዞታል ማለት ነው። ሲትሬትና ኢዲቲኤ የተባሉ ኬሚካሎችም ብረትን እንዲሁ ይዘው ከኖራ ያስመልጣሉ። እንዲህ ያለውን ፍሳሽ ኖራ እየጨመሩ ከመታገል ለይቶ ማቆየት ይሻላል።

ደቃቁን ዝቃጭ ለማሰባሰብ ጥቂት ፖሊመር ጨምረው ማማሰያውን ያዘግሙ፤ በፍጥነት ከተማሰለ የተሰባሰበው መልሶ ይበታተናል። ከላይ የሚጠራው ውሃ ፒኤቹ ወደተፈቀደው ልክ፣ ብዙ ጊዜም ከ6 እስከ 9 ወዳለው፣ ይስተካከልና ብረቱ ተለክቶ ሲያልፍ ብቻ ይለቀቃል። ካላለፈ ወደ ታንኩ ይመለሳል።

ዝቃጩን ማድረቅና ማጠንከር

ከታንኩ ሥር የሚቀዳው ዝቃጭ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከ100 ኪሎ ግራሙ 95 ያህሉ ውሃ መሆኑ የተለመደ ነው። በማጣሪያ መጭመቂያ ወይም በአሸዋ ማድረቂያ ላይ ውሃውን ካላወጡለት ለሲሚንቶም ለማጓጓዣም በከንቱ ይከፍላሉ። የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ መጀመሪያው ታንክ ይመለስ።

የተጨመቀውን ዝቃጭ በሲሚንቶ ማጠንከር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ዝቃጩን ውሃ በቀላሉ የማይገባበት ድንጋይ ያደርገዋል፣ በቤዝነቱም ብረቱ እንዳይሟሟ ይይዘዋል። መጠኑ እንደ ዝቃጩ ስለሚለያይ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ልክ አይከተሉ። በሦስት ኩባያዎች በእያንዳንዱ 100 ግራም ዝቃጭ አድርገው 20፣ 40 እና 60 ግራም ሲሚንቶ በየተራ ይቀላቅሉባቸው፤ ክዳን አድርገው፣ ቁጥር ጽፈው ለ28 ቀን ያቆዩ። በላዩ ውሃ ያቋተ ወይም በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ካለ አልተሳካም። ዘይትና ቅባት ያለበት ዝቃጭ ሲሚንቶውን አያስይዝም፤ የዚንክና የእርሳስ ጨው ሲበዛም መጠንከሩን ያዘገየዋል።

«ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ግምት በእርሳስ ላይ አይሠራም። በሲሚንቶ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ፣ ከላይ እንደተባለው እርሳስ በዚያ ልክ ተመልሶ ይሟሟል። የ60 ግራሙ ኩባያ ከሁሉ ጠንክሮ ሳለ ከ40 ግራሙ የበለጠ እርሳስ ሊለቅ ይችላል። ጥንካሬና ደኅንነት አንድ እንዳልሆኑ የሚታየውም የጠነከረው ዝቃጭ ምን ያህል ብረት እንደሚለቅ በሚለካው የመልቀቂያ ፈተና ነው።

በስፋት ከሚሠራባቸው የመልቀቂያ ፈተናዎች አንዱ የአሜሪካው ነው። ናሙናው 9.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት እስኪያልፍ ተፈጭቶ፣ ክብደቱን 20 እጥፍ በሆነ ቀጭን የአሴቲክ አሲድ ፈሳሽ ውስጥ ለ18 ሰዓት ያህል ይሽከረከራል፤ ከዚያ ተጣርቶ ወደ ፈሳሹ የወጣው ብረት ይለካል። በዚህ ፈተና እርሳስና ክሮሚየም በሊትር 5 ሚሊግራም፣ ካድሚየም 1 ሚሊግራም፣ ባዝቃ 0.2 ሚሊግራም ከደረሱ ቆሻሻው አሁንም አደገኛ ነው። የአገርዎ ልክ ከዚህ ሊጠብቅ ስለሚችል የሚመሩት በራስዎ ደንብ ነው። ዝቅተኛውን ቁጥር የሰጠው የሲሚንቶ ልክ ለሙሉው ክምችት ይወሰድ፤ ያለፈው ዝቃጭም ፈቃድ ወዳለው መድፊያ እንጂ ለግንባታ ወይም ለመንገድ መሙያ አይዋል።

ማከማቸት፣ መመዝገብና ማስረከብ

የጠነከረው ዝቃጭ በክዳን በሚዘጋ በርሜል፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር ይቀመጥ። ያልታከመ ፈሳሽ ከሥሩ የሚኖረው መቀበያ ገንዳ ከትልቁ ዕቃ ይዘት 110 በመቶ የሚይዝ ይሁን፤ ፈሳሽ በርሜል እስከ አፉ አይሞላ፣ በሙቀት ሲሰፋ የሚሄድበት አንድ አሥረኛ ያህል ክፍት ቦታ ይተውለት። አሲድና ቤዝ፣ አሲድና በረኪና፣ ናይትሪክ አሲድና ቲነር በአንድ ገንዳ ላይ አይዋሉ። በየሳምንቱ በበርሜሎቹ መካከል እየተዘዋወሩ ዝገት፣ እርጥበትና እብጠት ይመልከቱ። ያበጠ በርሜል ካዩ ክዳኑን ለማላላት አይሞክሩ፤ ሰዎችን አርቀው የአደጋ ባለሙያ ይጥሩ።

በእያንዳንዱ በርሜል ላይ የይዘቱ ስም፣ የአደጋው ዓይነት፣ የተሞላበት ቀንና የክምችቱ ቁጥር በማይጠፋ ቀለም ይጻፍ። በመዝገቡ ላይ ያው ቁጥር ከመጀመሪያው ፒኤች፣ ከተጨመረው ኬሚካል መጠን፣ ከተለቀቀው ውሃና ከመልቀቂያ ፈተናው ውጤት ጋር ይያያዝ። ለአጓጓዡ ሲያስረክቡ የተፈራረሙበትን ቅጂ ይያዙ፤ የመጨረሻው ተቀባይም መረከቡን በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድረስ ጉዳዩን እንዳልተዘጋ ይቁጠሩት። ቆሻሻው ድንበር የሚሻገር ከሆነ፣ በ1989 የተፈረመውና በ1992 በሥራ ላይ የዋለው የባዝል ስምምነት ተቀባይዋ አገር ቆሻሻው ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ እንድትፈቅድ ያስገድዳል።

ሥራው እንዳበቃ ታንኩ፣ ማማሰያው፣ የናሙና መቅጃውና ቦቱ ይታጠባሉ። ይህ እጣቢ ውሃ ራሱ ብረት ስላለበት ወደ ቦይ አይፈስም፤ ተጠራቅሞ ወደ መጀመሪያው ታንክ ይገባና ከቀጣዩ ፍሳሽ ጋር ይታከማል። የተቀደዱ ጓንቶችና ባዶ የኬሚካል ከረጢቶችም ለብቻቸው በተሰየመ በርሜል ይቀመጣሉ።